ላኪ የላከው ድርቅ፦ በ1775 ዓ.ም. አባይ ለምን ጎደለ?

ዕለቱ እሁድ ነው። ሰኔ 3 ቀን 1775 ዓ.ም.፣ ዘመነ ሉቃስ። ሰኔና ሰኞ የገጠመበት ዓመት አልነበረም፤ ሰኔ የባተው ዓርብ ነው። ጎንደር ላይ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነግሠዋል። ገበሬው መሬቱን ደጋግሞ አርሶ ሰማይ ሰማይ ያያል። ክረምቱ ሊገባ ነው።

በዚያው ጠዋት፣ ከጎንደር 7 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአይስላንድ ደሴት ደቡብ ምድር ተሰነጠቀች። ለአይስላንዶች የጰራቅሊጦስ በዓል ነበር። ስንጥቁ ቀስ በቀስ እያደገ 27 ኪሎ ሜትር ደረሰ። ከአዲስ አበባ መሃል እስከ ሰበታ እንደማለት ነው። ከመቶ በላይ አፍ ከፍቶ እሳት ተፋ።

የቦታው ስም ላኪ ይባላል። በኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የስሙ መግጠም የአጋጣሚ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ይህን ታሪክ ካነበብኩ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። ላኪ በርግጥም ልኳል። የላከው ነገር አውሮፓን አልፎ፣ የኛ ደጋ ላይ የሚዘንበውን ዝናብ ይዞ፣ ካይሮ ድረስ ወርዷል።

በዚህ ጽሑፍ የማነሳው ጉዳይ ይኸው ነው። ስለ ክረምታችን ስንነጋገር ኤልኒኞ እንላለን፣ የደን መጨፍጨፍ እንላለን፣ የዓለም ሙቀት እንላለን። ሁሉም ልክ ነው። ከእሳተ ገሞራ ወጥቶ ሰሜኑን ሰማይ የሚያለብሰውን ድኝ ግን እንረሳዋለን። እሱን ሳንቆጥር የዝናባችንን ታሪክ ካነበብን፣ መስመሩን አዙረን ነው የምናነበው።

ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

እሳቱ ደጅ ሲደርስ

ፍንዳታው የአንድ ቀን ነገር አልነበረም። ከሰኔ 8 ቀን 1783 ጀምሮ እስከ የካቲት 7 ቀን 1784 ድረስ ስምንት ወር ቆየ። ጋብ ይላል፣ እንደገና ያገረሻል። የወጣው ቅልጥ አለት 15 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። የሸፈነው መሬት 600 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር አልብሶ የሚተርፍ።

በአካባቢው ዮን ስቴንግሪምሶን የሚባሉ ቄስ ነበሩ። ያዩትን በጽሑፍ ስላስቀሩ ነው ዛሬ ብዙውን የምናውቀው። ሐምሌ 20 ቀን እሳቱ ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው እየተጠጋ ነበር። ቄሱ ምእመኑን ሰብስበው ገቡ። ምናልባት በዚያ ቤት የመጨረሻው አገልግሎት ይሆናል ብለው ሰበኩ፣ ጸለዩ። ሲወጡ ቅልጡ አለት እዚያው ሸለቆው ውስጥ ቆሟል። አይስላንዶች እስከ ዛሬ ያን ቀን «የእሳት ቅዳሴ» ይሉታል።

ሕዝቡን የጨረሰው ግን እሳቱ አልነበረም። ከመሬት የወጣው ጋዝ ብዙ ፍሎሪን ነበረበት። ፍሎሪኑ ሣሩ ላይ ተቀመጠ፣ በጎቹ ሣሩን ጋጡ። ጥርሳቸው ተበላሸ፣ አጥንታቸው አበጠ፣ ቆመው መሄድ አቃታቸው። በስምጥ ሸለቆ ያደገ ሰው ይህን በትንሹ ያውቀዋል። እዚያም ከጉድጓድ ውሃ የሚገኝ ፍሎራይድ ነው የልጆችን ጥርስ ቡናማ የሚያደርገው፤ መነሻውም ያው የእሳተ ገሞራ አለት ነው። የአይስላንዱ ግን በወራት ውስጥ የሚገድል መጠን ነበር። ከአምስት በግ አራቱ ገደማ አለቀ። ከብቱም ወደ ግማሽ ወረደ። ከዚያ ሰው በረሃብ መሞት ጀመረ። የደሴቱ ሕዝብ 50 ሺህ አካባቢ ነበር፤ አንድ አምስተኛው አለቀ።

አመዱ ሳይሆን ድኙ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። እሳተ ገሞራ የአየር ንብረትን ቀየረ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው አመዱ ነው። አመዱ ከባድ ነው። በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት ይወርዳል። የሚቆየው ጋዙ ነው፤ በተለይ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ። ይህ የድኝ ጋዝ ሰማይ ላይ ከእርጥበት ጋር ተዋሕዶ በዓይን የማይለዩ የአሲድ ጠብታዎች ይሆናል። ኤሮሶል የምንላቸው እነሱን ነው። የፀሐይን ብርሃን ወደ ኅዋ ይመልሳሉ። በታች ያለው ምድር ይቀዘቅዛል።

ላኪ ያወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ 122 ሚሊዮን ቶን እንደሚሆን ተሰልቷል። በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ የፈነዳው ፒናቱቦ 20 ሚሊዮን ቶን ገደማ አውጥቶ የዓለምን ሙቀት ለአንድ ሁለት ዓመት በግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጎታል። ላኪ የሱ ስድስት እጥፍ ነው። ከጋዙ ውስጥ 95 ሚሊዮን ቶን የሚሆነው ከ9 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቷል። ያ ከፍታ በዚያ ኬክሮስ የስትራቶስፌር፣ ማለትም ከዝናብ ደመናው በላይ ያለው የአየር ንብርብር፣ ደጃፍ ነው። ዝናብ አያጥበውም፤ ነፋስ ይዞት ይዞራል።

በሰኔ ውስጥ ደረቅ ጭጋግ አውሮፓን ሸፈነ። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በጊዜው የአሜሪካ መልእክተኛ ሆኖ ፓሪስ ነበር። የፀሐይዋን ጨረር በአጉሊ መስታወት ሰብስቦ ወረቀት ላይ ቢያሳርፍ ወረቀቱን ለማቃጠል እንኳ እንደሚቸገር ጽፏል። ልጅ ሆነን በመነጽር መስታወት ደረቅ ቅጠል ያቃጠልን ሰዎች ይህ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደሆነ ይገባናል። በሐምሌ ፀሐይ ወረቀት አልነድ አለ። ፍራንክሊን ጭጋጉ ከአይስላንድ እሳተ ገሞራ ሊሆን እንደሚችል ጠረጠረ፤ የተከተለውን የፈረንጆች ብርዳም ክረምትም ከሱ ጋር አያያዘው። በ1784 ለዚያ ግምት መድረሱ ይደንቀኛል። ያልጠረጠረው ነገር ቢኖር፣ ይኸው ጭጋግ አፍሪካ ውስጥ የወንዝ ሙላት ማስቀረቱን ነው።

ዝናቡ ፀሐይን ይከተላል

የክረምቱን አሠራር በቀላሉ ልንገራችሁ። ዝናባችን ፀሐይን ይከተላል። ፀሐይ ወደ ደቡብ ስትሄድ የምድር ወገብን የሚዞረው የዝናብ ቀበቶም አብሯት ይወርዳል። እኛ በጋ ላይ ነን። ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትመለስ ቀበቶው ይከተላታል። ሰሜናዊው የብስ ይግላል፤ ሰሃራ፣ ዓረቢያ፣ እስያ። የጋለው አየር ወደ ላይ ይነሳል። በሱ ቦታ ከባሕር በኩል እርጥብ አየር ይሳባል። ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ፣ ከኮንጎ ደን፣ ከህንድ ውቅያኖስ የተሳበው እርጥበት የኛን ተራራ ሲያገኝ ሽቅብ ይገፋል፤ እዚያ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ነሐሴ ላይ ጎጃም ውስጥ መንገድ የሚቆርጠው ውሃ መነሻው ይህ ነው።

ቀበቶውን ወደኛ የሚስበው የሰሜኑ ሙቀት ነው ማለት ነው። ሙቀቱ ሲቀንስ መሳቡም ይላላል።

በ1775 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ላኪ የፈነዳው ልክ ሰኔ ሲገባ ነበር። ብዙው ጋዝ የወጣውም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው። ሰሜናዊው ንፍቀ ክበብ በዓመቱ ውስጥ ብዙ መጋል ባለበት ወር ድኝ ለበሰ። ደቡቡ ግን አልለበሰም። ከአይስላንድ የወጣው ጋዝ ወደ ደቡብ ንፍቀ ክበብ አይሻገርም ማለት ይቻላል። ሚዛኑ አንድ ጎኑ ብቻ ቀለለ። የዝናብ ቀበቶው ከወትሮው ወደ ደቡብ ቀርቶ ዋለ።

ሉክ ኦማን፣ አላን ሮቦክና ባልደረቦቻቸው ይህን በአየር ንብረት ሞዴል ፈትነው በ2006 አሳትመዋል። የላኪን ጋዝ ለሞዴሉ ሲሰጡት የሰሜኑ የብስ በዚያ የፈረንጆች በጋ፣ ማለትም በኛ ክረምት፣ ከ1 እስከ 3 ዲግሪ ሴልሺየስ ቀዘቀዘ። የአፍሪካና የህንድ ሞንሱን፣ ያ ዝናብ አምጪ ወቅታዊ ነፋስ፣ ደከመ። ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው የሳህል ቀጠና ዝናቡ በቀን ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቀነሰ። በቀን 1 ሚሊ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። በሦስት ወር አባዙት፦ ከ90 እስከ 270 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ለደረቅ ወረዳ ይህ ማሳው ላይ ያለውን ሰብል ሙሉ በሙሉ ማጣት ነው።

ሌላም ነገር አገኙ፣ እኔ ደጋግሜ ያነበብኩት። ዓለም በቀዘቀዘበት በዚያው ወቅት ሳህል፣ ደቡብ ዓረቢያና ህንድ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ሞቁ። ግራ ያጋባል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ዝናብ ሲቀር ደመና ይሳሳል፣ ፀሐይ እንደልቧ ታወርዳለች፤ መሬቱን በትነት የሚያቀዘቅዝ እርጥበትም የለም። አይስላንድ የሰው ሰማይ ስታጨልም የኛ ሰማይ ጠራ። ገበሬ ሐምሌ ላይ ከማይፈልገው ነገር አንደኛው ጥርት ያለ ሰማይ ነው።

የኛ ዝናብ መለኪያ ካይሮ ነበር

ይህን ሁሉ በሞዴል ማሳየት አንድ ነገር ነው። በ1775 ዓ.ም. የዘነበውን የለካ ሰው አለ ወይ? ጎንደር ውስጥ የዝናብ መለኪያ አልነበረም። ካይሮ ግን ነበር።

ካይሮ ውስጥ ሮዳ በምትባል ደሴት ላይ አንድ ጉድጓድ አለ። መሃሉ ላይ ክንድ በክንድ የተሰመረበት የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። አሁን ያለው ግንባታ ከ861 ጀምሮ የኖረ ነው፤ መዝገቡ ግን ወደ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ይመለሳል። ክረምት በመጣ ቁጥር ሹሙ ወርዶ ውሃው ስንት ክንድ እንደደረሰ ያነባል። 16 ክንድ ከሞላ ሀገር ደስ ይለዋል፤ ቦዩ ይከፈታል፣ ግብርም ይጣላል። ካልሞላ ገበያው በዚያው ሳምንት ይናጋል።

አስዋን ከሚደርሰው የአባይ ውሃ 85 ከመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። በሙላቱ ወራት ድርሻው ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ የሮዳ ዓምድ የግብፅ መለኪያ ብቻ አይደለም። ጎጃም፣ ቤጌምድር፣ ወሎና ሌላውም ደጋ በክረምቱ ስንት ዘነበለት የሚለውን በሩቅ የሚጽፍልን መዝገብ ነው። ሰዎቹም ግንኙነቱን በራሳቸው መንገድ ያውቁት ነበር። ግብፆች የአባይ መሙላት ጅማሬ ብለው «የጠብታዋ ሌሊት» የሚሉት ከኛ የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ጋር ይገጥማል።

በ1783 ሙላቱ አልበቃም። ፈረንሳዊው ተጓዥ ቮልኔ በነዚያ ዓመታት ግብፅና ሶርያ ውስጥ ነበር፤ ያየውንም ጽፏል። ብዙው መሬት ውሃ ስላልደረሰው ሳይዘራ ቀረ። ሌላው ደግሞ ዘር ስላልነበረ ጦም አደረ። በ1784ም አባይ እንደገና ጎደለ። ከኅዳር በኋላ ካይሮ ውስጥ በረሃብ የሚሞተው ሰው በወረርሽኝ ከሞተው ጋር ተቀራረበ። ቮልኔ እንደሚለው በ1785 መባቻ ሀገሪቱ ከስድስት ሰው አንዱን አጥታለች፤ ከፊሉ ሞቶ፣ ከፊሉ ተሰዶ።

አንድ ያየውን ነገር እንደማይረሳው ይናገራል። መጋቢት 1785 ወደ ሀገሩ ሊመለስ ሲል ነው። የጥንቷ እስክንድርያ ግንብ ሥር ሁለት ሰዎች የሞተ ግመል ላይ ተቀምጠዋል። የበሰበሰውን ሥጋ ከውሾች ጋር ይሻማሉ።

ግብፅን በዚያ ዘመን የሚገዟት ኢብራሂምና ሙራድ የሚባሉ የማምሉክ አለቆች ነበሩ። እርስ በርስ ይዋጋሉ፣ ገበሬውን ይገፋሉ። ረሃብ መቼም በዝናብ ብቻ አይመጣም። ለዚህ እኛ ምስክር አያስፈልገንም።

በዚያው ጊዜ ሰሜን ህንድም በታላቅ ረሃብ ተመታች። «ቻሊሳ» ይሉታል፤ ቻሊሳ ከአርባ ቁጥር የመጣ ቃል ነው፣ በነሱ ዘመን አቆጣጠር ዓመቱ 1840 ስለነበር። እኛ ሰባ ሰባት ስንል ሌላ ማብራሪያ እንደማያስፈልገን ሁሉ፣ እነሱም ቁጥሩን ብቻ ይሉታል።

የማያልቀው ክርክር

ጉዳዩ እስካሁን እንዳቀረብኩት ጥርት ያለ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። አንድ ከባድ ጥያቄ ግን አለበት። ላኪ የካቲት 1784 ጸጥ አለ። ከፍታው መካከለኛ ስለነበር ኤሮሶሉ ብዙ አይቆይም፤ በ1784 ክረምት አብዛኛው ወርዷል። ታዲያ አባይ ለሁለተኛ ዓመት ለምን ጎደለ?

የ1783ን መጉደል ለላኪ ለመስጠት አልቸገርም። ወሩ ይገጥማል፣ መጠኑ ይገጥማል፣ አሠራሩም ይታወቃል። የ1784ን ግን በሙሉ ልብ ለሱ አልሰጥም። በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በ1783 እና 84 መካከል የነበረው ከባድ ብርድ የኤልኒኞና የሰሜን አትላንቲክ የአየር ግፊት ጥምረት ውጤት ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ኤልኒኞ ደግሞ የኛን ክረምት እንደሚያደርቅ እናውቃለን። ሌሎች ተመራማሪዎች በበኩላቸው የሰሜን እሳተ ገሞራ ራሱ ፓሲፊክን ወደ ኤልኒኞ ሊገፋ ይችላል ይላሉ። እንዲያ ከሆነ ላኪ ሁለት ጊዜ ነው የመታን፤ አንዴ በእጁ፣ አንዴ በዘመዱ። ክርክሩ አላለቀም። እኔ የማዘነብለው የመጀመሪያው ዓመት የላኪ፣ ሁለተኛው የብዙ ነገር ድምር ነው ወደሚለው ነው። በዘር እጦት የጀመረ ረሃብ ደግሞ ሁለተኛውን ዓመት በራሱ ያከፋዋል።

ላኪ ብቻውን ቢሆን አጋጣሚ ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር። ብቻውን አይደለም። ሌላው የአይስላንድ ግዙፍ ፍንዳታ ኤልድግያ በ939 ሲጀምር የአባይ መዝገብ በዚያው ዓመት ዝቅ ብሎ ይታያል። ሰኔ 1912 አላስካ ውስጥ ካትማይ ፈነዳ። በቀጣዩ ዓመት አስዋን ላይ የተለካው ውሃ በመቶው ዓመት ካየነው ሁሉ እጅግ ዝቅተኛ ከሚባሉት ነው። በአማካይ በዓመት 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚያልፍበት ቦታ ላይ በ1913 ያለፈው ከግማሹ ብዙም አልበለጠም። በ1982 ደግሞ ሜክሲኮ ውስጥ ኤል ቺቾን ፈነዳ። በ2013 ጂም ሄይውድና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ከ1900 እስከ 2010 ሳህል ካየቻቸው አራት እጅግ ደረቅ ክረምቶች ሦስቱ ከትልልቅ የሰሜን ንፍቀ ክበብ ፍንዳታዎች በኋላ የመጡ ናቸው። ፍንዳታዎቹም ካትማይና ኤል ቺቾን ናቸው።

የሰባ ሰባቱን ረሃብ ኤል ቺቾን አመጣው ማለቴ አይደለም። ማንም እንዲህ ብሎ እንዲጠቅሰኝም አልፈልግም። ጦርነት ነበር፣ የተዘጋ መንገድ ነበር፣ ተደብቆ የቆየ ወሬ ነበር፣ የዚያን ዘመን ትልቅ ኤልኒኞም ነበር። የምለው ሰማዩ ላይ አንድ ተጨማሪ ክብደት ነበረ ነው።

ሃይሊ ጉቢ ዝናባችንን ይወስድ ይሆን?

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ሲፈነዳ ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። አመዱ አፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮችን አለበሰ። የግጦሹ ሣር ግራጫ ሆነ፤ አርብቶ አደሩ ከብቱን የሚያበላው አጣ። ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል እስከ ህንድ ሄደ፤ በረራ አሰረዘ። 14 ኪሎ ሜትር ገደማ የወጣ ጭስ ያየ ሰው ለዝናቡ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

መልሱ፦ አይወስድም። የወጣው ድኝ ከላኪ ጋር ሲተያይ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የወጣውም በጥቂት ቀን ነው፣ ደግሞም በኅዳር። አፍዴራ ላይ ያደረሰው ጉዳት እውነተኛ ነው፤ እርዳታም ይገባዋል። የክረምት ዝናብን ግን አይነካም።

የናብሮም ነገር እንዲሁ ነው። ሰኔ 2011 ኤርትራ ውስጥ የፈነዳው ናብሮ ከፒናቱቦ ወዲህ ስትራቶስፌርን በድኝ ከጫኑት ትልልቆቹ አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ቀንድ በድርቅ ተመትቶ ስለነበር ሁለቱን ያያያዙ ሰዎች አሉ። ቀኑን ብቻ ማየት ይበቃል። በድርቁ የተመቱት አካባቢዎች ዝናብ ያጡት ናብሮ ከመፈንዳቱ በፊት ነው፤ በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ፣ የኤልኒኞ ተቃራኒ በሆነው በላኒኛ ምክንያት።

መጠን ብቻውንም አይበቃም። ከ2014 እስከ 2015 አይስላንድ ውስጥ ሆሉህራውን የሚባል ስንጥቅ ለስድስት ወር እሳት ተፍቷል። ያወጣው ድኝ 11 ሚሊዮን ቶን ያህል ነው፤ ከናብሮ የሚበልጥ። ዝናባችን ላይ የታየ ነገር ግን የለም። ጋዙ ዝቅ ብሎ ቀረ፣ ዝናብና በረዶ አጠቡት። ስለዚህ አንድ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ሰዎች «ስንት ሰው ሞተ፣ አመዱ የት ደረሰ» ሲሉ፣ የኛ የዝናብ ባለሙያ መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ድኙ ስንት ነው፣ ስንት ኪሎ ሜትር ወጣ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ነው በስተደቡብ፣ ወሩስ? ሐሩር ላይ የፈነዳ ትልቅ እሳተ ገሞራ ድኙን ለሁለቱም ንፍቀ ክበብ ያካፍላል። የሰሜኑ ግን ለሰሜን ብቻ ያለብሳል። ቀበቶውን የሚገፋው ያ አለመመጣጠን ነው።

መስመሩን ከየት ትጀምራለህ?

አሁን ወደ ዛሬው የዝናብ ግራፍ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ በዋናነት እሱ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ በየዓመቱ ብዙ ተማሪ የአንድ ወረዳ ወይም ተፋሰስ «የዝናብ አዝማሚያ» ብሎ የማስተርስ ጽሑፍ ይሠራል። የጣቢያ መረጃ ስለሚቆራረጥ ብዙዎች ቺርፕስ የሚባለውን ከሳተላይትና ከጣቢያ የተቀናጀ የዝናብ መረጃ ይጠቀማሉ። ጥሩ መረጃ ነው። የሚጀምረው ግን በ1981 ነው። እንግዲህ አስቡት። መስመሩ የሚነሳው ከድርቁ አስርት ዓመት ነው። ኤል ቺቾን 1982 ላይ አለ። የሰባ ሰባቱ ድርቅ 1984 ላይ አለ። ከጉድጓድ የጀመረ መስመር ወደየት ይሄዳል? ወደ ላይ። ተማሪው «የክረምት ዝናብ እየጨመረ ነው» ብሎ ይደመድማል። ሌላው ደግሞ የድሮ የጣቢያ መዝገብ አግኝቶ ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ ይሰምራል። የሱ መስመር ወደ ታች ይወርዳል። ሁለቱም ስሌታቸው ልክ ነው። ሁለቱም አንድ ሰማይ ነው የለኩት።

በመሃል ያለው ታሪክ እሳተ ገሞራ ብቻ አይደለም። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ፋብሪካዎችና የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች ሰሜኑን ሰማይ በድኝ ይሞሉት ነበር። ላኪ በስምንት ወር ያደረገውን እነሱ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ አደረጉት ማለት ይቻላል። አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፦ ሰሜኑ ቀዘቀዘ፣ ቀበቶው ወደ ደቡብ አዘነበለ፣ ሳህል ደረቀ። ለሳህል ድርቅ ከተሰጡት ማብራሪያዎች ጠንካራው የባሕር ወለል ሙቀት ለውጥ ነው፤ ለዚያ ለውጥ ደግሞ ይህ ድኝ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ብዙ ጥናት ያሳያል። የአየር ብክለት ሕጎች ከ1970ዎቹ ወዲህ ድኙን ሲቀንሱት ዝናቡም ከ1990ዎቹ ጀምሮ እያገገመ መጣ።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምለው አለኝ። ግራፋችሁ ላይ 1982ን እና 1991ን በቀይ አስምሩባቸው። አዝማሚያውን አንዴ ከነሱ ጋር፣ አንዴ ከነሱ በኋላ ያሉትን ሁለት ሁለት ዓመታት አውጥታችሁ አስሉት። መነሻ ዓመቱን ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱት። ውጤቱ ካልተናወጠ እመኑት። ከተናወጠ ያገኛችሁት አዝማሚያ ሳይሆን መነሻ ዓመት ነው። ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት «ዝናባችሁ ይጨምራል» ብሎ መጻፍ ቀላል ቃል አይደለም። ሰው ያንን አምኖ ዘር ይመርጣል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል። 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል። በመቶ ዓመት አንዴ የሚመጣ እንደ 1913 ያለ ዓመት ሲያጋጥም ውሃው እንዴት ይለቀቃል የሚለው ጥያቄ ከእንግዲህ የመጻሕፍት ጥያቄ አይደለም። የአይስላንድ ስንጥቆች አልሞቱም። እንደ ላኪ ያለ ፍንዳታ መቼ እንደሚመጣ ማንም አያውቅም፤ ከመጣ በኋላ ግን በሰዓታት ውስጥ ሳተላይት ድኙን ይለካዋል፣ ከፍታውንም ይናገራል። በ1783 ካይሮ ውስጥ ክፉው ዜና የተሰማው ሹሙ ወደ ዓምዱ ወርዶ ውሃው አለመሙላቱን ሲያይ ነው። ያኔ ዘር ተበልቷል፣ ጊዜው አልፏል። ዛሬ ግን የሰኔ 3 ፍንዳታ ወሬ ሰኔ 3 ማታ አዲስ አበባ ይደርሳል። አባይ ከፍተኛውን ሙላት የሚይዘው በነሐሴ ማብቂያ ነው። ለግድቡ፣ ለዘሩና ለእህል መጋዘኑ በመሃል ከሁለት ወር ተኩል በላይ አለ።